የደም ሥር ሰፊዎቹ

መቼም በአገራችን ሐኪሞችን በየሙያቸው ለይተን መጥራት ከጀመርን ብዙ ዘመን አልሆነንም። ድሮ «ሐኪም ቤት ሄደ» ማለት ይበቃ ነበር። ዛሬ የልብ፣ የኩላሊት፣ የአጥንት፣ የአንጀት እያልን እንዘረዝራለን። ታክሲ ውስጥ አንዱ ስለ ወገቡ ሲያማርር ሌላው «ለእሱ እኮ ጎበዝ ስፔሻሊስት አለ» ብሎ አድራሻ ይሰጠዋል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር መካከል ግን «የደም ሥር ቀዶ ሐኪም» ሲባል የብዙው ሰው ፊት ላይ ጥያቄ ይነበባል። አንዳንዱ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም የሚቀዳው ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ እግር ላይ ተጠማዝዞ የሚወጣውን ሰማያዊ ሥር የሚያስወግድ ሰው ነው ይላል፤ ይህኛው እንኳ ከእውነቱ አልራቀም፤ እሱም ከሥራዎቹ አንዱ ነውና።

ግራ መጋባቱ ከቋንቋችንም ይመጣል። ጅማቱንም፣ ነርቩንም፣ የደም ቧንቧውንም ደርበን «ሥር» እንላለን። «ሥሬ ዞረብኝ» የሚል ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል እንጂ ሆስፒታል አይሄድም። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ለይተውልናል፤ ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ይባላል። የደም ሥር ቀዶ ሐኪም የሁለቱም ባለሙያ ነው። በልብና በአንጎል ውስጥ ያሉትን ለሌሎች ትቶ፣ በአንገት፣ በሆድ፣ በክንድና በእግር የሚሄዱትን ይከፍታል፣ ይጠግናል፣ ይቀጥላል፣ ሲያስፈልግም ይዘጋል። እኔ ይህን ሙያ የተዋወቅሁት በአባቴ እግር በኩል ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎቹና ከጥልፍ ሠሪዎቹ መካከል አንዲት ጠባብ ክፍል ይዞ፣ በእግር የምትረገጥ ሲንጀሩን አርባ ዓመት ያህል ሲያሽከረክር ኖሯል። ሞተር እንዲገጥምላት ብዙ ጊዜ ለምነነው ነበር። «መብራት ሲጠፋ ማን ሊረግጥልኝ ነው?» ይለናል። በመብራቱ ነገር ማን ይከራከረዋል!

ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ ያንን ዳገት በእግሩ መውጣት ይወድ ነበር። በኋላ በኋላ ግን መንገዱ ረዘመበት። መቶ እርምጃ ያህል ይሄድና አንዱን ባለሱቅ ሰላም ሊል ይቆማል። ደኅና ሰንብተሃል ወይ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብት ይመስል አንድ በአንድ ይቆጥርለታል። ደግሞ መቶ እርምጃ ሄዶ ሌላውን ይይዛል። ሰፈሩ ሁሉ «እንደ እሳቸው ሰው አክባሪ የት ይገኛል» ይል ነበር። ሰላምታው ሰበብ እንደነበር የተናገረው ከጊዜ በኋላ፣ ሐኪሙ ሲጠይቀው ነው። የቀኝ ባቱ በገመድ እንደታሰረ ይጨመደድበታል፤ ሁለት ደቂቃ ሲቆም ይለቀዋል፤ ሲሄድ ደግሞ ይይዘዋል። መንገድ ላይ ያለ ምክንያት መቆም ስላሳፈረው የሰው ጤና ይጠይቅ ነበር። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ሳቀና፣ በጀርመን አገር ይህንኑ በሽታ «የሱቅ መስኮት በሽታ» እንደሚሉት ነገረን። እዚያ ያለው ታማሚ ለሰላምታ የሚሆን ሰው ስለማያገኝ ይሆናል፣ ቆሞ መስኮት ውስጥ የተደረደረ ዕቃ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ እግር የሚወርደው ደም ቅዳ በዕድሜ፣ በሲጋራ፣ በስኳር በሽታ፣ በደም ግፊትና በስብ ምክንያት ውስጡ እየተጋገረ ይጠባል። ተቀምጦ ላለ ሰው በጠባቡም ቢሆን የሚያልፈው ደም ይበቃዋል። ዳገት ሲወጣ ጡንቻው ብዙ ደም ይጠይቃል፤ የሚመጣው አይበቃም፤ ያን ጊዜ ያማል። ይህ እንግዲህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሲብስ ተኝተው ሳለም ያማል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጭረት እንኳ አልድን ይላል። አባቴ ሲጋራም ነበረው፣ ስኳርም ነበረው። ስኳሩ ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። የእግርን ነርቭ ስለሚያደነዝዝ ቁስሉ አያምም። የማያም ቁስል ደግሞ ማን ይፈራዋል?

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አዲስ ጫማ ትንሿን ጣቱን ላጠው። ጎረቤት «በሙቅ ውኃና በጨው ይዘፍዝፉት» አለ። ይህ ምክር በየቤቱ አለ፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ከአደገኞቹ አንዱ ነው፤ የደነዘዘ እግር ውኃው ምን ያህል እንደሚያቃጥል አያውቅም፣ ተገሽልጦም ዝም ይላል። ጣቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጠቆረ። አጠገቡ ያለውም ተከተለ።

የሄድንበትን የመጀመሪያ ሐኪም ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም። ተረኛው ወጣት ሐኪም እግሩን አየ፣ ራጅ አስነሣ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጠራንና ከጉልበት በላይ መቆረጥ እንዳለበት ነገረን። እዚያው ሌሊት ለመፈረም ወረቀት ቀረበ። ያን ልጅ ዛሬ ሳስበው አልቀየመውም። ጋንግሪን ወደ ላይ ሲወጣ እግር ብቻ ሳይሆን ሰውየውም ይሄዳል፤ ደሙን የሚመልስ ባለሙያ በሌለበት ቤት ቢላዋው ሕይወት አዳኝ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሳይጠየቅ የቀረ አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ደሙ የቆመው የት ላይ ነው?» የሚለው። አባቴ ወረቀቱን አየና «እኔ በእግሬ ነው እንጀራ የምበላው» አለ። አልፈረመም። በማግስቱ ዘመድ በዘመድ ተፈልጎ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ዘመድ በዘመድ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ነው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው ያሉት።

ሰውየው ዕድሜው ወደ አርባዎቹ መጨረሻ የሚሆን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ነው። ከሁሉ በፊት ያደረገው ነገር አባቴን አስደነገጠው፤ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ካልሲውን ራሱ አወለቀለት። «ኧረ ተው ልጄ፣ ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው! አስተማሪ አይደለህም እንዴ?» ብሎ እግሩን ሊሰበስብ ሞከረ። «አባባ፣ ሥራዬ እዚህ ታች ነው፤ ይተዉኝ» አለው። ከዚያ ዓይኑን ከደን አድርጎ በሁለት ጣቱ ይዳስስ ጀመር። ብሽሽቱ ላይ አቆየ፤ ቀጥሎ ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ከኋላ፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቱ አጥንት በስተጀርባ፣ በመጨረሻ የእግሩን ጀርባ። በአራት ቦታ ትርታ ይፈለጋል። አባቴ ዘንድ የተገኘው ብሽሽቱ ላይ ብቻ ነበር።

የደም ግፊት መለኪያ ክንድ ላይ ሲታሰር አይቻለሁ፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲታሰር ያየሁት ያን ቀን ነው። ዘዴው ቀላል ነው። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ግፊት ይካፈላል። ጤነኛ ሰው ዘንድ ውጤቱ አንድ ወይም ከአንድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ከ0.9 በታች ከሆነ እግሩ በቂ ደም እያገኘ አይደለም ማለት ነው። የአባቴ ቀኝ እግር 0.42 ሆነ። ሐኪሙ ወዲያው «ይህ ቁጥር አንዳንዴ ይዋሻል» አለን። የስኳር ሕመምተኛ ደም ቅዳ እንደ ኖራ ስለሚደርቅ መለኪያው ጨምቆ ሊዘጋው አይችልም፤ ስለዚህ የታመመው እግር ደኅና መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው ጣቱንም ጆሮውንም የሚጠቀመው። ዶፕለር የምትባለዋን ትንሽ መሣሪያ አስጠግቶ ድምፁን አሰማን። ብሽሽቱ ላይ እንደ ነጋሪት ጥሩ ሲመታ ሰማን። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የክረምት ነፋስ በር ሥር የሚያፏጨውን ዓይነት ነገር ብቻ ሆነ።

«እንግዲህ የቧንቧ ሠራተኛ ነህ በለኛ» አለው አባቴ።

«አይ አባባ። የቧንቧ ሠራተኛ መስመሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው፤ ሲጨርስ ይከፍተዋል። ውኃው ይጠብቀዋል። ደም ግን ሲያቆሙት ይረጋል። እኔን የሚመስለው የእርስዎ ሙያ ነው» አለው። ለማባበል ብሎ የተናገረው መስሎኝ ነበር። በኋላ ጉዳዩን ተከታትዬ ሳነብ ግን ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ከተማ ውስጥ በጩቤ ተወጋ። ጩቤው ወደ ጉበት የሚሄደውን ትልቅ ደም መልስ ቆረጠው። ሐኪሞች በዙሪያው ቆመው ነበር፤ የተቆረጠ የደም ሥር የሚሰፋበት አስተማማኝ ዘዴ ስላልነበራቸው ሰውየው ዓይናቸው እያየ ሞተ። በዚያው ከተማ የሃያ ዓመት የሕክምና ተማሪ የነበረው አሌክሲስ ካሬል ይህ ነገር ከነከነው። ምን አደረገ መሰላችሁ? ጥልፍ የምትጠልፍ የሊዮን ሴት ዘንድ ሄዶ መርፌ አያያዝ ተማረ! የሊዮን ከተማ በሐር የታወቀች ናትና ቀጭን መርፌና ቀጭን ክር እዚያ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዘዴውን አሳተመ፤ ክቡን የቧንቧ አፍ በሦስት ቦታ በክር ይዞ ሲወጥረው ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ቀጥ ያለውን ጎን ደግሞ መስፋት ይቀላል። በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። (ሰውየው በኋላ ዘመኑ ስለ ሰው ዘር የጻፈው ነገር አያስመሰግነውም፤ እጁ ከሐሳቡ የተሻለ ነበር ብሎ ማለፍ ይሻላል።)

ይህን ታሪክ ለአባቴ ሳነብለት ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ «ሦስት ቦታ? እኔ እጅጌ ስተክል የማደርገውን እኮ ነው» አለኝ። ክብ የሆነ ነገር ከክብ ጋር ሲሰፋ አስቀድሞ በእርቀት ካልተያዘ አንዱ ወገን ይሸበሸባል ማለቱ ነው። ሂዩስተን ከተማ ውስጥ ማይክል ደበኪ የተባለው ቀዶ ሐኪም በ1950ዎቹ ከጨርቅ መደብር ዳክሮን የተባለ ፖሊስተር ገዝቶ፣ በሚስቱ የስፌት መኪና ቱቦ ሰፍቶ የደም ቧንቧ መተኪያ እንደሠራ ስነግረው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «መኪናዋ ሲንጀር ነበረች?» አለኝ። ይህን አላውቅም።

ዘዴው ተገኝቶ ሳለ ሐኪሞች ለመቀበል ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ይኸው ደበኪ ከሥራ ባልደረባው ከሲሚዮን ጋር ሆኖ የአሜሪካ ቁስለኞችን መዝገብ አገላበጠ። 2,471 የደም ቅዳ ጉዳት ቆጠሩ። ለመስፋት የተሞከረው 81 ብቻ ነበር። የቀረው በአብዛኛው ደሙ እንዲቆም ብቻ ተቋጠረ፤ ከተቋጠረላቸውም ግማሽ ያህሉ እጅ ወይም እግራቸውን አጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኮሪያ ጦርነት ተነሣ፤ የእኛ ቃኘው ሻለቃዎችም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው የተዋጉበት ማለት ነው። እዚያ ቁስለኛው በሄሊኮፕተር ቶሎ ይነሣ ጀመር፤ ከግንባሩ ብዙም ሳይርቁ ደግሞ መስፋት የተማሩ ወጣት ሐኪሞች ይጠብቁት ነበር። የሚቆረጠው ከመቶ ወደ 13 ወረደ። ልብ በሉልኝ፤ መርፌው ያው መርፌ ነው። የተለወጠው ጊዜው ነው፤ ደግሞም «ቋጥረህ እለፍ» የሚለው ልማድ።

ወደ አባቴ ልመለስ። በቀለም የተነሣው ፎቶ ሲመጣ ከታፋው አጋማሽ እስከ ጉልበቱ በታች ያለው ደም ቅዳ ድርግም ብሎ ተዘግቷል። ታች፣ ከጉልበት በታች፣ አንድ መስመር በቀጭኑ ይታያል። ሐኪሙ «ይቺ ናት ተስፋችን» አለ። ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው በፊኛ መክፈት ነው። ይህን የጀመረው ቻርልስ ዶተር የሚባል የራጅ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ አንዲት የ82 ዓመት ሴት እግሬን አላስቆርጥም ብለው ድርቅ ሲሉ፣ በቀጭን ቱቦ ከውስጥ በኩል የጠበበውን ሥር አሰፋላቸው። ሴትዮዋ እስኪሞቱ በራሳቸው እግር ሄዱ። ፊኛው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ዘዴ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል፤ ሐኪማችን ግን የአባቴ የተዘጋው ክፍል በጣም ረጅም ስለሆነ ቢከፈትም ቶሎ ይደፈናል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ሁለተኛውን መረጠ፤ መንገዱ ከተዘጋ ዙሪያ መንገድ ማውጣት።

ለዙሪያ መንገዱ የሚሆነው ቧንቧ ከየት ይምጣ? ከራሱ ከሰውየው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ብሽሽት ከቆዳ ሥር የሚሄድ ረጅም ደም መልስ አለ፤ ቢወጣ ሌሎቹ ሥራውን ይሸፍኑለታል። እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ውስጥ ዣን ኩንሊን ይህንኑ ሥር ለእግር ተጠቀመበት። ሥሩ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ ትናንሽ በሮች ስላሉት እንዳለ ቢሰፋ ደም ወደ ታች አያሳልፍም። ስለዚህ ይገለበጣል፤ የታችኛው ጫፍ ላይ፣ የላይኛው ጫፍ ታች ይሆናል። አባቴ ይህችን ወዲያው ገባችው። ከፋይ የሚባል ጨርቅ አለ፤ ጠጉሩ ወዴት እንደተኛ ሳያዩ ከቆረጡት ልብሱ ይበላሻል።

ስለ ስፌቱ ሲነጋገሩ እኔን ረስተውኝ ነበር ብል ይቀላል። ሐኪሙ ክሩን አሳየው፤ ከጠጉር የቀጠነ ሰማያዊ ክር፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ያለው። ለምን ሁለት መርፌ እንዳስፈለገ ሲያስረዳው እንዲህ አለ። ደም ቅዳ ገበር እንዳለው ኮት ነው። የታመመ ሲሆን ደግሞ ገበሩ ለመላቀቅ ዝግጁ ነው። መርፌውን ከውጭ ወደ ውስጥ ከወጋኸው ገበሩን ገፍቶ ይለየዋል፤ ደሙ በገበሩና በጨርቁ መካከል ገብቶ መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ደም ቅዳው ላይ ምንጊዜም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚወጋው። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ክሩን ወደ መስኮቱ ዘረጋና «ይኼን በስንት ዓመት ተማርከው?» አለ። ሐኪሙ ቆጠረ፤ ሕክምና ትምህርቱ፣ ቀጥሎ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና፣ ቀጥሎ ይህ። ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ። «እኔ አንድ ልጅ ኮት እንዲሰፋ አምስት ዓመት ይፈጅብኛል፤ እንግዲህ አልበዛም» አለ አባቴ። በማግስቱ ፈረመ።

ኦፕራሲዮኑ አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። የጠቆሩት ሁለት ጣቶች ሄዱ። እግሩ ቀረ። ማታ ነርሷ ዶፕለሩን ስታስጠጋ ቁርጭምጭሚቱ ላይ መምታት ጀምሯል፤ ሲለካም 0.88 ሆነ።

አብዛኞቻችን ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያልቅ ይመስለናል። ቀዶ ሐኪም ቀዶ ይሄዳል፤ የቀረው የቁስል አጣቢና የእግዚአብሔር ሥራ ነው እንላለን። እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ይህ ሐኪም ከበሽተኛው ጋር አይለያይም። በወሩ፣ በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወር እየጠራ የሰፋውን ያዳምጣል፤ የተቀጠለው ሥር ሊጠብ ሲል ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ከተደረሰበት ይተርፋልና። አስፕሪን አዘዘ፣ የስብ መቀነሻ አዘዘ፣ ኒያላውን አስጣለው። (ማስጣል ቀላል አልነበረም፤ «አንዲት ብቻ» የሚል ድርድር ለሁለት ወር ተካሂዷል። ሐኪሙ በመጨረሻ «አንዲት የሚያጨስ እግር አልሰፋም» ብሎ ቀጭን ቁጣ ተቆጣ።) ማታ ማታ እግሩን በመስታወት እንዲያይ፣ ጥፍሩን ሰው እንዲቆርጥለት፣ ጫማ ከማድረጉ በፊት በእጁ ውስጡን እንዲዳስስ አዘዘው። ደግሞ አንድ ያልጠበቅነውን ጠየቀ፤ «ቤተ ክርስቲያን ጫማዎን አውልቀው ነው የሚቆሙት?» አለ። እንዴታ! ቅጥሩ ውስጥ ጠጠር ቢወጋው አይሰማውም፤ በጸሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ ቢቆምም አይሰማውም። ወፍራም የሱፍ ካልሲ እንዲያደርግ፣ ሲመለስም ሁለቱንም እግር እንዲያይ ተማከሩ። ይህ በየትኛው የቀዶ ሕክምና መጽሐፍ እንደተጻፈ እንጃ።

በቀጠሮ ቀን የምንቀመጥበት አዳራሽ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። አንዲት ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ የግራ ክንዷን እንደ ሕፃን አቅፋለች። ኩላሊቷ ሥራ አቁሞ በሳምንት ሁለት ቀን ደሟ በማሽን ይታጠባል። መጀመሪያ አንገቷ ላይ በተተከለ ቱቦ ነበር፤ ቱቦው ግን ኢንፌክሽን ያመጣባታል። ሐኪሙ የእጅ አንጓዋ ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር ሰፋው። ከሳምንታት በኋላ ደም መልሱ ወፈረ፣ ጠነከረ፣ ለማሽኑ መርፌ የሚበቃ ሆነ። ይህን ዘዴ ብሬሺያና ሲሚኖ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተሙት ነው። «ንካው» አለችኝና ጣቴን አስቀመጠችው። ከቆዳው ሥር እንደ ንብ ቀፎ ይነዝራል። በዚያ ክንድ ደም አይቀዳም፣ ግፊት አይለካም፣ እንስራ አይታዘልበትም። «ድምፁ የጠፋ ቀን ለነገ ሳልል መምጣት አለብኝ» አለች። ማታ ተኝታ ጆሮዋ ሥር ታደርገዋለች አሉ፤ ካልሰማችው እንቅልፍ አይወስዳትም።

ከዚያው ወንበር ጫፍ ከመንዝ የመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ባለፈው ዓመት፣ የአባቴ ግራ እግር 0.7 ሆኖ «ይህንንም መከታተል አለብን» በተባልንበት ቀን ማለት ነው። እግራቸው በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ሽታውን ለመሸፈን ልጃቸው ሎሚ ይዟል። እርሻ ላይ የወጋቸው ነገር ነው። ጠበል ሄዱ፣ ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ተላኩ፣ ከደብረ ብርሃን ወደዚህ። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱ ለጉዞና ለመድኃኒት ተሽጧል። ሰባት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሐኪሙ ነጠላውን ሲፈታ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ለእሳቸው ዙሪያ መንገድ የሚወጣለት እግር አልነበረም። ሐኪሙ ግን እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ዓይኑን ከደነና ዳሰሰ። ብሽሽታቸው ላይ ቆየ። ከጉልበታቸው ጀርባ ከዚያ ይበልጥ ቆየ። ዶፕለሩን አስጠጋ። ትርታው አለ። ሌላ ቦታ ከጉልበት በላይ ይቆረጣል ተብለው ነበር የመጡት፤ እሱ «ከጉልበት በታች» ብሎ ጻፈ። ደም እስከዚያ ድረስ ከደረሰ ቁስሉ እዚያ ይድናል፤ ጉልበት የቀረለት ሰው ደግሞ በሰው ሠራሽ እግር መራመዱ ከሌላው እጅግ ይቀለዋል። የደም ሥር ሐኪም በሚቆረጥ እግርም ላይ ሥራ እንዳለው ያን ቀን አየሁ።

ሽማግሌው ሲነገራቸው ሰሙና «አርሳለሁ?» ብለው ጠየቁ።

«መራመድ ይራመዳሉ አባቴ። ስለ እርሻው ቃል አልገባልዎትም፤ ጉልበትዎ ግን አለ» አላቸው።

ጥቂት አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። የመንዝ ኔትወርክ ደካማ ነው መሰለኝ፣ እየጮኸ ነበር የሚናገረው። የቀረውን በሬ እንዳይሸጡት ነበር የሚነግራቸው።